«ክምችቱ ስላነሰ ነው» ማለት ምክንያት ነውን?
ስለ ፎገራ ሜዳ የነዳጅ እጥረት በሚሰጡ ማብራሪያዎች ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ነዳጅ እጥረት በተማሪዎች የተዘጋጁትን ጥናቶች የሚያነብ ሰው አንዲት ዐረፍተ ነገር ደጋግማ ታጋጥመዋለች፤ ይህችውም «እጥረቱ የደረሰው የቤንዚን ክምችት በማነሱ ምክንያት ነው» የምትለዋ ናት። በጋዜጣም በራዲዮም፥ በመሥሪያ ቤት መግለጫም እንሰማታለን። ስትነበብ እውነት ትመስላለች። ቀረብ ብለው ሲመረምሯት ግን «ድስቱ ባዶ የሆነው ወጡ ስላለቀ ነው» ከማለት የምትለይበት ነገር የለም። ወጡ ለምን አለቀ? ማን በላው? በጊዜው ሳይሠራ የቀረው ስለ ምንድን ነው? የማብራሪያ ሥራ የሚጀምረው ከእነዚህ ጥያቄዎች ነው፤ ጥናቶቻችን ደግሞ የሚያበቁት እዚሁ ላይ ነው።

እኛም ራሳችን ከዚህ ቀደም ባቀረብነው ጽሑፍ ይህችኑ ዐረፍተ ነገር አስፍረን፥ ከሥሯም አንድ ሠንጠረዥ አስቀምጠን አልፈናል። ስለዚህ የዛሬው ሂስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያርፈው በራሳችን ላይ ነው። አሳባችንም አጭር ነው፦ ክምችት የገቢና የወጪ ልዩነት፥ ማለት ቀሪ ሒሳብ ነው እንጂ ምክንያት አይደለም። ቀሪውን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው፥ በሰልፉ መጨረሻ የቆመውን ሰው ጉዳት ፈጽሞ አያየውም። ይህን ለማስረዳት ወረታንና ፎገራ ሜዳን በምሳሌነት ወስደናል።

ወረታን የመረጥንበት ምክንያት ከመካከላችን የዚያ አገር ልጆች በመኖራቸው ብቻ አይደለም። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፥ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚወስደውም መንገድ የሚገነጠለው ከእርሷ ነው። ደረቅ ወደብም ተሠርቶላታል። እንግዲህ መንገድ የራቃት ከተማ ናት አይባልም። ሦስት አቅጣጫ መኪና የሚተላለፍባት ከተማ ቤንዚን ስታጣ «የሩቅ አገር ዕጣ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ሜዳውንም እንመልከት። ፎገራ በጣና ምሥራቃዊ ዳር የተዘረጋ፥ ርብና ጉማራ የሚባሉ ወንዞች አቋርጠውት ወደ ሐይቁ የሚገቡ ጠፍጣፋ አገር ነው። በክረምት ወንዞቹ ሞልተው ሜዳው ውሃ ይተኛበታል። ድሮ ይህ ውሃ ለፎገራ ከብት ግጦሽ እንጂ ለእህል እምብዛም አይመችም ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ባሉበት በጅግናና በሻጋ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ ከተሞከረ ወዲህ ግን፥ ችግር ይባል የነበረው ውሃ ሀብት ሆነ። ዛሬ «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዘር የቀበሌውን ስም ይዞ ቀርቷል፤ ወረታም የሩዝ መፈተጊያ ቤቶች የተደረደሩባት፥ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለባት ከተማ ሆናለች።

ሩዙ የክረምት ነው፤ ነዳጅ የሚጠይቀው በጋው ነው። ሩዙ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከተነሣ በኋላ በዚያው መሬት ላይ ጓያና ሽምብራ በቀረው እርጥበት ይዘራል፤ በወንዙ ዳርና በጉድጓድ አጠገብ ያለው ግን ሽንኩርትና ቲማቲም ይተክላል። ለዚህም ከርብና ከጉማራ፥ ወይም በእጅ ከተቆፈረ ጉድጓድ፥ በትንንሽ ሞተር ውሃ ይስባል። ሞተሩ የሚጠጣው ቤንዚን ወይም ናፍጣ ነው። የበጋው ሽንኩርት ለገበሬው የጥሬ ገንዘብ ምንጭ ነው፤ የልጆች የትምህርት ቤት ወጪ፥ የማዳበሪያ ዕዳ፥ የቤት ቆርቆሮ፥ ሁሉም የሚከፈለው ከዚያ ነው።

አንድ አባወራ እንዲህ ሲሉ አጫወቱን፦ «ልጆቼ፥ ክረምት ውሃው ራሱ ቤታችን ድረስ ይመጣል። በጋ ደግሞ ውሃው እዚያው ከወንዙ አለ፥ እናየዋለን፤ የሚያወጣልን ነው የጠፋው።» ሽንኩርቱ ሥር እስኪሰድና እስኪያፈራ ድረስ በየ5 እና በየ7 ቀኑ መጠጣት አለበት። ለ15 ቀን ውሃ ያጣ ሽንኩርት በ16ኛው ቀን ሁለት እጥፍ ቢጠጣ አይድንም። ይህን ነገር አንባቢያን በልባቸው እንዲይዙልን እንለምናለን፤ ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነው።

አሁን ወደ ክምችት እንመለስ። አንድ ማደያ በምድር ውስጥ በተቀበረው ጋን 40,000 ሊትር ቤንዚን አለው እንበል፤ በቀንም 8,000 ሊትር ይሸጣል። እንግዲህ ክምችቱ ለ5 ቀን ይበቃዋል ማለት ነው። በየ5 ቀኑ 40,000 ሊትር የጫነ ቦቴ ቢመጣለት ሰው ስለ ክምችት አያወራም። አንዱ ቦቴ 3 ቀን ቢዘገይ ግን ማደያው 3 ቀን ባዶ ይሆናል። ቀጥለው የሚመጡት ተከታትለው ቢደርሱ በወሩ መጨረሻ «ከታቀዱት 6 ቦቴዎች 6ቱም ገብተዋል» ተብሎ ይጻፋል። ሪፖርቱ እውነት ነው፤ 3 ቀን ባዶ መሆኑም እውነት ነው። የወሩ ድምር የቀኑን ባዶነት ውጦ ያስቀረዋል። ባለታክሲው 3 ቀን ገቢ አጥቶ በ4ኛው ቀን ይቀጥላል፤ የሽንኩርቱ ነገር ግን ከዚህ በላይ እንደተናገርነው ነው። ስለዚህ በዓመት ወይም በወር ድምር ላይ ብቻ የቆመ ጥናት፥ ሒሳቡ ትክክል ቢሆንም እንኳ፥ የፎገራን እጥረት ሊያሳይ አይችልም።

ሁለተኛ ነገር እንጨምር። ቤንዚን ሊጠፋ ነው የሚል ወሬ ሲነሣ ሰው ምን ያደርጋል? ዘወትር ጋኑን በግማሽ ይዞ የሚነዳ ባለባጃጅ በዚያ ቀን ሞልቶ ያድራል። 1,000 ባጃጆች እያንዳንዳቸው 4 ሊትር ትርፍ ቢቀዱ 4,000 ሊትር ነው፤ ይህም በምሳሌ ያነሣነው ማደያ በግማሽ ቀን የሚሸጠው ማለት ነው። በዚህ ላይ ሞተር ብስክሌቱንና የቤት መኪናውን፥ ሚኒባሱን፥ በየጓዳው የሚቀመጠውን ፕላስቲክ እንጨምርበት። የማደያው ክምችት በአንድ ቀን ሲያልቅ ነዳጁ ከአገር አልወጣም፥ አልተቃጠለምም፤ ከአንድ ትልቅ ጋን ወደ ብዙ ሺህ ትንንሽ ጋኖች ተዛወረ እንጂ። ክምችት ሲለካ የሚለካው ትልቁ ጋን ነው። ስለዚህ «ክምችት ቀነሰ» የሚለው ቁጥር አንዳንድ ጊዜ የአቅርቦትን መቀነስ ሳይሆን የሰውን ፍርሃት መጨመር የሚለካ ነው። ሁለቱን ሳይለይ ያለፈ ተመራማሪ በሽታውንና ትኩሳቱን እንዳልለየ ሐኪም ነው።

የዋጋው አወሳሰን ደግሞ ይህን ያባብሰዋል። በአገራችን የነዳጅ የችርቻሮ ዋጋ የሚወሰነው በመንግሥት ሲሆን በየጊዜው ይከለሳል። ዋጋ ይጨምራል ተብሎ በሚጠበቅበት ሳምንት ገዢው ቶሎ ለመቅዳት ይሮጣል፤ ሻጩ ደግሞ ዛሬ ከሚሸጥ ነገ ቢሸጥ እንደሚሻለው ያውቃል። ለረጅም ዓመታት የማደያው ትርፍ በሊትር ከ1 ብር በታች ስለ ነበረ፥ አንድ ምሽት ጠብቆ የሚገኘው ልዩነት ከወር ድካም የሚበልጥበት ጊዜ ነበረ። ይህን ስንል ማደያዎቹን ሁሉ መውቀሳችን አይደለም፤ ሕጉ ራሱ ለመጠበቅ የሚከፍል፥ ለመሸጥ የማይከፍል ሆኖ የቆየ መሆኑን ለማመልከት ነው።

የወጪውን ነገር ይህን ያህል ካልን ወደ ገቢው እንለፍ። በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀምሮ እስከ 1997 ድረስ አገልግሏል። ከዚያ ወዲህ የተጣራ ነዳጅ ብቻ እናስገባለን። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት በተነሣ ጊዜ የአሰብ በር ሲዘጋ ጠቅላላው ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞረ። ናፍጣውና የአውሮፕላን ነዳጁ ለብዙ ዓመታት ከኩዌት በውል ሲመጣ፥ ቤንዚኑ በጨረታ ሲገዛ ቆይቷል። አስመጪው የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ነው፤ አከፋፋይ ኩባንያዎች ከእርሱ ተረክበው በቦቴ ያጓጕዛሉ። በቅርብ ዓመታት ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ በዓመት ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። እንግዲህ የገቢው መጠን የሚወሰነው በዓለም ዋጋ፥ በምንዛሪ፥ በመርከብ፥ በወደብና በመንገድ ነው፤ ከእነዚህ በአንዱ ላይ የደረሰው መሰናክል የተቀሩት ቢሟሉም ቦቴውን ያስቀረዋል።

በወረታ በኩል ሲታይ ግን መንገዱ ከሁሉ ይበልጣል። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በጎጃም በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚመጣው ቦቴ ሌላ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ዓባይንም ሁለት ጊዜ ይሻገራል፥ አንድ ጊዜ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ባለው በረሃ፥ አንድ ጊዜ ደግሞ ከባሕር ዳር ሲወጣ። ሌላው መንገድ በሚሌ፥ በኮምቦልቻና በወልድያ አድርጎ በደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርደው ነው። ይህ መንገድ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ወልድያ በጦርነቱ በተያዘችበት ጊዜ ተዘግቶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በክልሉ ውስጥ ውጊያ ሲነሣ የጎጃሙም የወልድያውም መንገድ ለጭነት መኪና አስጊ ሆነ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት በመተማ በኩል ከሱዳን ይገባ የነበረው ቤንዚን ቢኖር ኖሮ ለጎንደርና ለወረታ ቅርብ በር በሆነ ነበር። ሱዳን ግን ነዳጅ ከሚገኝበት ደቡብ ክፍሏ ከተለየች በኋላ ለራሷም አልበቃትም፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እርሷም በጦርነት ላይ ወደቀች። እንግዲህ አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ክምችቱን ለሚለካ ሰው ጋኑ ሙሉ ሆኖ ሳለ፥ ወረታ ላይ ባዶ ሊሆን የሚችልበት ምክንያት ይህ ነው። «የአገሪቱ ክምችት» የሚባለው አንድ ጋን አይደለም፤ በመንገድ የተያያዙ ብዙ ጋኖች እንጂ። መንገዱ ሲቆረጥ የአንዱ ሙላት ለሌላው አይተርፍም።

አሁን ሁለተኛውን የተለመደ ማብራሪያ እንመርምር። ይኸውም «ነዳጁ አለ፤ ሕገ ወጦች ደብቀውት ነው» የሚለው ነው። ይህ ማብራሪያ ጥቂት እውነት የለበትም አንልም። የአገራችን ዋጋ በድጎማ ዝቅ ብሎ በቆየበት ዘመን ነዳጅ በድንበር ይወጣ እንደ ነበር፥ በየከተማውም በፕላስቲክ ጠርሙስ በመንገድ ዳር በእጥፍ ይሸጥ እንደ ነበር ዓይን ያለው ሁሉ ያየው ነገር ነው። ምክር ቤቱም በ2017 ዓ.ም. ስለ ነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅ ሲያጸድቅ ከባድ ቅጣት ያስቀመጠው ስለዚሁ ነው።

ነገር ግን የማብራሪያው ስሕተት ቅደም ተከተሉን መገልበጡ ነው። ጥቁር ገበያ እጥረትን ሊያሰፋ ይችላል፤ በመጀመሪያ የሚወልደው ግን እጥረቱ ነው። በየማደያው ያለ ሰልፍ የሚገኝ ነገር በመንገድ ዳር በእጥፍ የሚገዛ ሰው የለም። ቅጣት ብቻውን የደበቀውን ሊያወጣ ይችል ይሆናል፤ ያልመጣውን ቦቴ ግን አያመጣም።

ከዚህም የባሰው፥ ይህ ማብራሪያ በፎገራ ላይ ሲሠራ ያልታሰበ ሰው ይመታል። ሕገ ወጥ ንግድን ለመከላከል ሲባል በጀሪካን መቅዳት ተከልክሏል፤ የሚፈልግ ሰው ከአስተዳደሩ የድጋፍ ደብዳቤ ማምጣት አለበት ይባላል። መከልከሉ ለባለመኪና ምንም አይደለም፤ መኪናውን ነድቶ ይሄዳል። ውሃ መሳቢያ ሞተር ግን ጎማ የለውም። ከወንዙ ዳር ተነቅሎ ወደ ማደያ አይነዳም። የገበሬው የነዳጅ ጋን ጀሪካኑ ነው። እንግዲህ ጀሪካን የያዘ ሁሉ ተጠርጣሪ በሆነ ጊዜ፥ እውነተኛው ነጋዴ መንገዱን ያውቃልና በሌሊት ያልፋል፤ ገበሬው በቀን ይመለሳል። ከመካከላችን የአንዱ ዘመድ ደብዳቤ ለማጻፍ ሦስት ቀን ተመላልሶ፥ በአራተኛው ቀን ደብዳቤውን ይዞ ቢደርስ ማደያው ቤንዚን ጨርሶ ነበር። ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ማደያውም አልበደለውም። ደንቡ ሲወጣ ማንም ስለ ሽንኩርት አላሰበም፥ ይኸው ነው።

በድጎማውም ይኸው ነገር ደርሷል። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አጠቃላይ ድጎማውን ቀስ በቀስ ሲያነሣ፥ ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ተለይቶ እንዲቀጥል አደረገ። አሳቡ ድሀው የሚሳፈርበት መኪና እንዳይወደድ ነውና ደግ ነው። ይሁን እንጂ ተጠቃሚው የሚመዘገበው በሰሌዳ ቁጥር ነው፤ ውሃ መሳቢያ ሞተር ደግሞ ሰሌዳ የለውም። ሽንኩርት የሚጭነው መኪና ሳይሆን ሽንኩርት የሚያበቅለው ሞተር ከመዝገቡ ውጭ ቀረ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍያው በስልክ እንዲሆን ሲታዘዝም፥ ከጥቂት ወራት በኋላ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለአገር ሁሉ በአንድነት የሚወጣ ደንብ በየአገሩ ምን እንደሚገጥመው አስቀድሞ ካልተጠየቀ ከታሰበለት ሰው ዘንድ አይደርስም።

ሦስተኛው ማብራሪያ «ዋጋው ነው፤ ዋጋው ቢለቀቅ ነዳጁ ይመጣል» የሚለው ነው። በኢኮኖሚክስ ክፍል ያሉ ጓደኞቻችን ይህን ይወዱታል፤ እኛም ከእነርሱ ተምረነዋል። በአዲስ አበባ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፤ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽም የቤንዚኑ ዋጋ እንደዚሁ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በሁለት ዓመት ተኩል ከእጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። ዋጋው ብቻ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ሰልፉ በዚያው መጠን ባጠረ ነበር። ነገር ግን ሰልፉም ፕላስቲኩም አብረውት ዘለቁ። ምክንያቱም ዋጋ ሻጩን ሊጠራ ይችላል፤ የተቆረጠ መንገድ ሊከፍት፥ ቦቴ ሹፌርን ከጥይት ሊያድን ግን አይችልም።

ዋጋ ቀላል ነገር እንዳልሆነም ታሪካችን ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1973 መጨረሻ የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲንር፥ በአገራችን በየካቲት 1966 ዓ.ም. ቤንዚን ላይ 50 በመቶ ያህል ተጨምሮ የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ መንግሥቱም በጥቂት ቀናት ውስጥ ዋጋውን ዝቅ ለማድረግ ተገደደ። የዚያ ዓመት ታሪክ በምን እንዳበቃ ለአንባቢያን መንገር አያሻንም። ገበሬው ግን ባለታክሲ አይደለም፤ በአንድ ቀን ከተማ ሊያቆም አይችልም። ቤንዚን ሲያጣ ሽንኩርቱ ዝም ብሎ ይደርቃል። ድምፅ የሌለው ጉዳት በጥናት ካልተጻፈ በሌላ በምንም አይታወቅም፤ የእኛ ሥራ አስፈላጊነቱ እዚህ ላይ ነው።

«ማጣሪያ ሲሠራ ሁሉም ይቀራል» የሚሉም አሉ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በጎዴ የማጣሪያ ግንባታ መጀመሩ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነው። ሆኖም የአሰብ ማጣሪያ በሚሠራበት በደርግ ዘመን ባለመኪና ቤንዚን የሚቀዳው በኩፖን እንደ ነበር አባቶቻችን ያስታውሳሉ። ማጣሪያ ማለት የገቢውን በር መለወጥ ነው፤ ከበሩ እስከ ርብ ዳር ያለውን መንገድና ደንብ ግን ለብቻው አይለውጠውም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የሚነቅፍ ሰው የሚያቀርበው ነገር ሊኖረው ይገባልና ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፥ ክምችት በየቦታውና በየሳምንቱ ይታወቅ። በአሜሪካ የኃይል መረጃ መሥሪያ ቤቱ የቤንዚንን ክምችት በየሳምንቱ፥ አብዛኛውን ጊዜ ረቡዕ ቀን፥ በየክፍለ አገሩ ለይቶ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የኃይል ድርጅት አባል አገሮቹ የ90 ቀን የተጣራ ገቢያቸውን ያህል እንዲያከማቹ ያዛል። እኛ 90 ቀን ለማከማቸት አቅም የለን ይሆናል፤ ያለንን ለመቍጠርና ለመናገር ግን ደብተር ይበቃል። «ቁጥሩ ቢነገር ሰው ይደነግጣል» የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። መልሱ ክብደት አለው፤ ከዚህ በላይ ስለ ባጃጆቹ የተናገርነው ይህንኑ ይደግፋል። ነገር ግን ሰው የሚደነግጠው ባወቀው ሳይሆን ባላወቀው ነው። «ቦቴው ሐሙስ ይደርሳል» የተባለ፥ ቦቴውም ሐሙስ የደረሰለት ሰው፥ ረቡዕ ሌሊት ጀሪካን ይዞ አይሰለፍም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድንጋጤ ሊኖር እንደሚችል አምነን፥ ከልምድ ጋር እንደሚቀንስ እናስባለን።

ሁለተኛ፥ የመስኖ ነዳጅ እንደ ማዳበሪያ በወቅቱ ይታሰብ። ማዳበሪያ በግንቦት እንጂ በመስከረም ቢመጣ እንደማይጠቅም ሁሉም ያውቃል፤ በኅብረት ሥራ ማኅበራትም በኩል ለገበሬው ይደርሳል። የበጋ ቤንዚንም ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ በዚያው መንገድ፥ በሞተር ባለቤቶች ዝርዝር ቢታደል፥ የድጋፍ ደብዳቤው ሰልፍ ይቀራል፤ ጀሪካኑም የወንጀል ምልክት መሆኑ ያበቃል። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ሞተር መምጣቱን እኛም እንደግፋለን። ዋጋው ግን አንድ ገበሬ በአንድ በጋ የሚችለው ስላልሆነ፥ እስከዚያው ያለውን ሽንኩርት የሚያጠጣው ቤንዚኑ ነው።

ሦስተኛው የሚመለከተው ራሳችንን ነው። ጥናቶቻችን ከጅቡቲ ይነሡና አዲስ አበባ ላይ ያበቃሉ፤ ቁጥሩ የሚገኘው እዚያ ነውና። በሚቀጥለው በጋ ወደየአገራችን ስንመለስ እያንዳንዳችን በአቅራቢያችን ባለ ማደያ አምስት ነገር እንመዝግብ፦ ቦቴው የደረሰበትን ቀን፥ ቤንዚኑ ያለቀበትን ሰዓት፥ የሰልፉን ርዝመት፥ በመንገድ ዳር የሚጠየቀውን ዋጋ፥ ጀሪካን ይዘው ከመጡት ምን ያህሉ ባዶ እንደ ተመለሱ። ይህ ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም። ለ5 ወር ያህል በ10 ከተማ ቢደረግ ግን፥ ክምችት ሲያንስ ማን መጀመሪያ እንደሚያጣና ማን መጨረሻ እንደሚያገኝ የሚያሳይ፥ እስከ ዛሬ በእጃችን ያልነበረ መዝገብ ይሆናል።

መምህራኖቻችን የአመዘጋገቡን ዘዴ እንዲያርሙልን፥ ጓደኞቻችንም ከዚህ በላይ በተናገርነው ውስጥ የሳትነውን በሚቀጥለው እትም እንዲያመለክቱን እንጠይቃለን። በተለይም ዋጋ ከመንገድ ይበልጣል የሚሉት ወገኖች መልስ እንዲሰጡን እንፈልጋለን። እኛ በበኩላችን የወረታን ደብተር ከታኅሣሥ ጀምሮ እንይዛለን።